ከእሱ የምትበልጥ መኪና

የማተሚያ ቤቱ በር ሁለት ክንፍ አለው። በእግሩ ለሚመጣ ሠራተኛ ዘበኛው አንዱን ክንፍ ገርበብ ያደርግለታል፤ ሰውየውም ትከሻውን አጥብቦ ይገባል። በመኪና ለሚመጣ ግን ሁለቱም ክንፎች ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ ዘበኛውም ከወንበሩ ይነሣል። ወረቀት ቆራጩ በዚያች ገርበብ ባለች በር ሃያ ሁለት ዓመት ገብቷል፣ ወጥቷል። አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥሯት አያውቅም ነበር፤ ቀጭኑ የሚሉት አለቃው መኪና እስኪገዛ ድረስ።

ቆራጩን ሁሉም ሰው ሚሊ ይለዋል። ትልቁ የወረቀት መቁረጫ ላይ ቆሞ «በአንዲት ሚሊ ከተሳሳትክ መጽሐፉ እንዳለ ተንሻፈፈ ማለት ነው» ማለት ስለሚያዘወትር የወጣለት ስም ነው። እውነትም እጁ አይሳሳትም። ቀጭኑ የሚሉት ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት ለሥራ ልምምድ የመጣ ሰው ነው። ወረቀት እንዴት እንደሚደረደርና እንደሚያዝ እጁን ይዞ ያስተማረው ራሱ ሚሊ ነበር። ቀጭኑ ልምምዱን ጨርሶ ተቀጠረ፣ እየሠራ ተማረ፣ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ሚሊ ዛሬም መቁረጫው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ማተሚያ ቤቱን ሊጎበኙ እንግዶች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ቀጭኑን «የክፍሉ ኃላፊ፣ የተመሰገነ ባለሙያ» ብሎ ካስተዋወቀ በኋላ ወደ ሚሊ ዞረና «እሱ ደግሞ ወረቀት ይቆርጥልናል» ብሎ አለፈ። ስሙን እንኳ አልጠራም። ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሚሊ ግን የእንግዶቹን የሸሚዝ ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ የተደረገለትን ይረሳል፣ የተባለውን ግን እንደ ሰነድ ያስቀምጣል።

ቀጭኑ የገዛት መኪና ትንሽ ናት። ቀለሟ አመድማ፣ አፍንጫዋ አጭር፣ ከውጭ ሲያዩዋት ሦስት ሰው የማትይዝ ትመስላለች። ግቢው ውስጥ ስትገባ ድምፅዋ ስለማይሰማ ሰው ዞር ሲል አጠገቡ ቆማ ያገኛታል። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ከቧት ቆሞ ሳለ ቀጭኑ ሚሊን አየውና በሩን ከፈተለት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይግቡና ይሞክሯት።»

«ምን እሞክራለሁ? መኪና አይቼ የማላውቅ መሰለህ?»

«እንዲያው መቀመጫዋን እንኳ ቢያዩት ብዬ ነው።»

«እኔ ቆሜ ነው የምሠራው። መቀመጫ ለእናንተ ነው» አለ ሚሊ።

ሰዉ ሳቀ። ቀጭኑም አብሮ ሳቀና በሩን ዘጋው። ሚሊን ያቃጠለው ያ የበሩ ድምፅ ነው። የሌላው መኪና በር ሲዘጋ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። የዚች ግን በደንብ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ ሲከደን የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማች። ዕድሜውን ሙሉ በመጽሐፍ መካከል የኖረ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ጆሮው ጥሩ ዕቃ መሆኗን ወዲያው ነገረው። ልቡ ግን ጆሮውን ዝም አሰኘው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ምሳ አልጥመው አለ። ሌሎቹ ሲበሉ እሱ ወደ ግቢው ይወጣል፤ ከትንሿ መኪና አጠገብ ሲደርስ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ይልና ከሥሯ ዘይት ተንጠባጥቦ እንደሆነ ያያል። አንዲት ጠብታ ቢያገኝ የዚያን ቀን ምሳ በሰላም ይወርድለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሣ ጠራው።

«ሚሊ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ስታስር ሦስተኛ ቀንህ ነው።»

«ሳንቲም ወድቃብኝ ነው።»

«አታንጠባጥብም፤ አትድከም። እኔም አይቻታለሁ» አለው ዘበኛው፣ ወደ ጋዜጣው እየተመለሰ።

ሚሊ እንዲህ የሚሆነው መኪና መግዣ አጥቶ አልነበረም። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። እሱና ባለቤቱ ለዓመታት ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ለአንዲት ትንሽ መኪና የሚበቃ አኑረዋል። ባለቤቱ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ክፍል አንሶላና የሐኪሞች ጋዎን ትሰፋለች። በሥራዋ ላይ አይቀለድም፤ የሷን ስፌት ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። ነገር ግን የስፌት መኪናውን ለዓመታት የረገጠው ቀኝ ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙም እንዲህ አላት፦ «ጠዋትና ማታ አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ መንገላታቱን ካላቆምሽ፣ ይህ ጉልበት ዱላ ያስይዝሻል። ከዚያም ሥራሽን ያስተውሻል።» መኪና ለመግዛት የወሰኑት ያን ዕለት ነበር። መኪናዋ የምትገዛው ለዚያ ጉልበት ነበር እንጂ ለሌላ ለማንም አልነበረም።

ቀጭኑ ይህን ከሰው ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን መቁረጫው ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ በእናንተ ሰፈር ነው የማልፈው። ሆስፒታሉም መንገዴ ላይ ነው። እናንተ እስክትገዙ ድረስ እትዬን በየጠዋቱ ላድርሳቸው?»

የሚሊ እጅ መቁረጫው ላይ ቆመ። ሚስቱ በዚያች መኪና፣ በዚያ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ታየችው። ከሥራ ስትመለስም ስለ መኪናዋ ስታወራለት ሰማ፤ ገና ሳትሄድ።

«እሷ ከሰው ጋር መሄድ አትወድም» አለ።

«እሺ፣ ከወደዱ ግን…»

«አትወድም አልኩህ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።»

ለባለቤቱ ይህን አልነገራትም። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ የሰው ክርን ጎኗን እየወጋት፣ አንድ እጇ ብረቱን፣ አንድ እጇ ጉልበቷን ይዞ አያት። ትንሿ መኪና በመስኮቱ በኩል ስታልፋቸው ፊቱን አዞረ።

ባለቤቱ ሰፈራቸው ካለው ሽማግሌ መካኒክ ጋር እንዲማከር ነገረችው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

«ለምንድን ነው የምትፈልጋት?»

«ለሥራ መመላለሻ።»

«እንግዲያው ትንሿን፣ ዝምተኛዋን ግዛ። መኪና በዓይንህ አትግዛ፣ በመቀመጫህ ግዛ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምትቀመጥበት ነገር ነው። ወለሏ ዝቅ ያለ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የማትዘልል፣ ጠባብ ቦታ ላይ የምትዞር። ባለቤትህ ቁጭ ብላ እግሯን ስብስብ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ያ ቀጭን አለቃህ የገዛት ዓይነት ብታገኝ ከዚያ የተሻለ አልነግርህም።»

«የእሱ ዓይነት?» አለ ሚሊ። «እንቁላል የምታክል መኪና? ሴት የምትነዳት?»

«ሴት አይደለችም እንዴ የምትቀመጥባት?»

ሚሊ ተሰናብቶት ወጣ። ትንሿን ቢገዛ ቀጭኑን ተከተለ ሊባል ነው። ያስተማረው ሰው ፊተኛ፣ እሱ ኋለኛ። ይህ ሐሳብ ከጉልበቱም፣ ከሐኪሙም፣ ከመካኒኩም በላይ ሆኖ ታየው።

እንግዲህ ሌላ ሰው የማይሠራውን ስሕተት የሠራው እዚህ ላይ ነው። በምሳ ሰዓት ሥራ የሚሠራበትን የብረት ሜትር ይዞ ወጣ፤ ዘበኛው ሽንት ቤት እስኪሄድ ጠበቀና የትንሿን መኪና ቁመት ለካ። ርዝመቷን ለካ። ወርዷንም ለካ። ሁሉንም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተው። ቅዳሜ ሻጮች ዘንድ ሲሄድ ያቺን ወረቀት ይዞ ነበር። መቀመጫ አልሞከረም፣ ሞተር አላስነሣም፤ ከወረቀቷ የምትበልጥ መኪና ብቻ ፈለገ። አገኘም። ከአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የወጣች አሮጌ የመስክ መኪና ናት፤ ጎማዋ እስከ ጭን ይደርሳል፣ ጣሪያዋ ከትንሿ ጣሪያ በክንድ ይበልጣል። እጁ በሚሊ የማይሳሳት ሰው፣ ሚስቱ እግሯን ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንደምትችል አልለካም።

መካኒኩ መኪናዋን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አንተ የገዛኸው መኪና አይደለም፣ እልህ ነው። እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል።»

ሰኞ ጠዋት ሚሊ መኪናዋን እያስጓራ ግቢው ገባ። ሆን ብሎ ከትንሿ አጠገብ አቆማት። ጫጩት አጠገብ የቆመ አውራ ዶሮ መሰለች። ሠራተኛው ወጥቶ አየ። ሚሊም ጥላዋ ትንሿን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍናት አይቶ፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። ቀጭኑ ብቅ አለ። ሚሊ ፊቱን አጥብቆ አየው፤ የሚፈልጋትን ነገር እየፈለገ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ጠንካራ መኪና ናት። እትዬ ተገላገሉ» አለ ቀጭኑ፣ ጨብጦት።

ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ቅናት የሚባል ነገር ጭራሹን አልነበረም። ቀናተኛ ሰው አንድ ነገር ሲያገኝ ሌላው እንዲቀናበት ይፈልጋል፤ ያ ካልሆነ ያገኘው ነገር በእጁ ላይ ይቀዘቅዝበታል። የሚሊም ደስታ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቀዘቀዘ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ተጀመረ። ባለቤቱ መኪናዋ ላይ መውጣት አልቻለችም። በመጀመሪያው ቀን ሚሊ ከሥር ገፋት፤ ጎረቤት ፊት አፈረች። በሁለተኛው ቀን ከጣውላ በርጩማ ሠራላት። በየጠዋቱ በርጩማውን በሩ ሥር ያደርጋል፣ እሷ ግራ እግሯን ታወጣለች፣ ከዚያ ቀኙን በሁለት እጇ አንሥታ ታስገባለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ሚሊ ወርዶ በርጩማውን ያወጣል፤ የሥራ ጓደኞቿ «ንግሥቲቱ መጣች፣ ዙፋን አቅርቡ» እያሉ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ግድግዳ እየያዘች ነበር።

መንገድ ላይ መኪናዋ በየጉድጓዱ ትዘላለች። ሞተሯ ስለሚጮህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይደማመጡም። ባለቤቱ አንዳንዴ የሆነ ነገር ትለዋለች።

«ምን አልሽ?» ይላል ሚሊ ጮክ ብሎ።

ትደግመዋለች።

«ምን?»

«ምንም!»

እንዲህ ሁለት ወር ሄዱ።

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ አደረ። በርጩማው ረጥቧል። ሚሊ እንደ ልማዱ አስቀመጠውና መሪው ጋ ሄደ። ባለቤቱ ግራ እግሯን አወጣች፤ ቀኙን ልታነሣ ስትል በርጩማው ከሥሯ ሸሸ። የወደቀችው በዚያው በጉልበቷ ላይ ነው። ሚሊ ሮጦ ሲደርስ ጭቃው ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች።

ሊያነሣት ሞከረ። ቆማ እንኳ ያልወጣችባትን መኪና ወድቃ እንዴት ትወጣባታለች? አንድ ጊዜ ብድግ አድርጎ እስከ በሩ አደረሳት፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ጮኸች፣ መልሶ አወረዳት። ያቺ ሰው ሁሉ እንዲያያት ብሎ የገዛት መኪና በሯን ከፍታ ከላይ ታያቸዋለች። ሚስቱን ሊያስገባባት አልቻለም።

አመድማዋ መኪና አጠገባቸው ስትቆም አልሰሟትም። ቀጭኑ ወርዶ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሳበ።

«እትዬ፣ ጀርባዎን ሰጥተው ቁጭ ይበሉ። እግሩን እኔና ጋሼ እናስገባዋለን።»

ቁጭ አለች። እግሯ ሳይታጠፍ ገባ። ሚሊ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጭቃማ ጫማውን ወለሉ ላይ ማሳረፍ ከብዶት እግሩን አንጠልጥሎ። መኪናዋ ስትሄድ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያዋ ብቻ ነበር። የሚስቱን ትንፋሽ በጥርሷ መካከል ሲወጣ አንድ በአንድ ሰማው።

«እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ ቀስ ብዬ አልፈዋለሁ» አለ ቀጭኑ።

ጥቂት ሄዱ።

«የቱ ጋ ነው ጉድጓዱ፣ ወንድሜ?»

«አልፈነዋል እኮ፣ እትዬ።»

በሕመሟ መካከል ፈገግ አለች። ቀጭኑም ልቧን ያቀለለ መስሎት ጨዋታውን ቀጠለ። «ያኔ እሺ ብለውኝ ቢሆን በየቀኑ እወስድዎት ነበር። ለእኔ መንገዴ ነው።»

«መቼ?»

«መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን። ጋሼ ‹እሷ ከሰው ጋር መሄድ አትወድም› ብለውኝ…» ቀጭኑ ቃሉን ሳይጨርስ አቆመ። ገባው።

በሚሊ መኪና ቢሆን ያችን ቃል ሞተሩ ይውጣት ነበር። እዚህ ግን መደበቂያ የለም። ባለቤቱ አንገቷን ቀስ ብላ አዙራ ባሏን አየችው።

«ሦስት ወር ቆሜ ተጓዝኩ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከዚያም ሁለት ወር በየጠዋቱ ‹መውጣቱ ጉልበቴን እየሰነጠቀኝ ነው› ስልህ ከረምኩ። አሁንማ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ» አለ ሚሊ።

 ቀጭኑ መንገዱን ብቻ አየ።

ሆስፒታሉ ስድስት ሳምንት አስተኛት። በገዛ ሥራ ቦታዋ፣ ራሷ በሰፋችው አንሶላ ላይ ተኛች። ስትነሣ ሐኪሙ የተናገረለት ዱላ እጇ ላይ ነበር፤ ዛሬም አልተለያትም። የልብስ ክፍሉ ኃላፊ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና አዘጋጅታ ስለጠበቀቻት ሥራዋ ተረፈ። የተረፈው በሰው ደግነት ነው እንጂ በባሏ ማስተዋል አይደለም። ይህን ሚሊ ራሱ አይክድም።

በእነዚያ ሳምንታት አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ ብዙ አላወራችውም። አንድ ቀን ብቻ እንዲህ አለችው፦ «ከሰውየው ጋር መፎካከር ካማረህ በራስህ ጉልበት ተፎካከር። በእኔ ጉልበት ምን አስገባህ?»

ሚሊ የመስክ መኪናዋን ለመንገድ ሠሪዎች መልሶ ሸጣት። ከዚያም መካኒኩንና ባለቤቱን ይዞ መኪና ሊመርጥ ሄደ። በዚህ ጊዜ ምንም ወረቀት አልያዘም። ባለቤቱ ዱላዋን ለእሱ እየሰጠች በየመኪናው ቁጭ ብድግ አለች። አንዷ ከፍ አለችባት፣ የአንዷ በር ጠበባት፣ የአንዷ መቀመጫ ወገቧን ወጋት። መጨረሻ ላይ ከግድግዳው ጥግ ወደ ቆመችው ትንሽ መኪና ሄደች። አመድማ ናት። መካኒኩ ሚሊን በዓይኑ ጥግ አየውና ሳል ሳል አለው።

ባለቤቱ ገብታ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ ጀርባዋን አስደገፈች። ከዚያ ልትወጣ ተነሣች።

«ይቺን ተዋት» አለች። «የእሱ ዓይነት ናት። ቀለሟም ያው ነው። ነገ ሰው የሚልህን አትችለውም። ሌላ እንይ።»

እዚህ ላይ ሚሊ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ቅናቱ ብን ብሎ ጠፋለት ብል ግን እዋሻለሁ።  የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጥርሱን ገልጦ ታየው። ቢሆንም ዱላዋ በእጁ ነበር፤ እጀታው ከመዳፏ ሙቀት ገና አልቀዘቀዘም።

«ስለ ሰው አልጠየቅኩሽም» አላት። «ጉልበትሽ ምን ይላል?»

«ጉልበቴማ ተስማምቶታል።»

«እንግዲያው አትውረጂ።»

በሳምንቱ ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆሙ። የትኛዋ የማን እንደሆነች ለመለየት ሰሌዳ ማየት ያስፈልጋል። ከጠራዦቹ አንዱ መሣቁ አልቀረም።

«ሚሊ፣ ከተማሪህ ላይ ኮረጅክ እኮ።»

«ኮረጅኩ» አለ ሚሊ። «ቀድሜ ብኮርጅ ኖሮ ሚስቴ ዛሬ ያለ ዱላ ትሄድ ነበር።»

የሣቀው ሰው ሣቁን ዋጠ። ቀጭኑ ከኋላ ቆሞ ሰምቶ ነበር፤ መጣና ከጋሼ ጋር ወደ ሥራ ገባ።

ወገኖቼ፣ ለዕለት ተዕለት መመላለሻ መኪና ልትገዙ ስትነሡ ቤታችሁ ውስጥ ማን እንደሚታመም፣ ማን እንደሚደክም፣ ማን ዝም እንደሚል አስቀድማችሁ እወቁ። የምትመች ትንሽ መኪና የምታሳፍር አይደለችም። ደግሞም ያልወደዳችሁት ሰው ጥሩ ነገር ሲመርጥ ምርጫው መጥፎ አይሆንም። በጎረቤት ልክ የተገዛ ነገር የጎረቤትን ዓይን ይሞላ እንደሆነ እንጂ የቤትን ሰው አያሳርፍም። ስለ መኪናዋ የሚቀመጥባትን ጠይቁ፤ ቆሞ የሚያያትን አትጠይቁ።